ንግግሩ ለማክሰኞ ተቀጥሯል

አዳራሹ ውስጥ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣል። አንዱ ማክሰኞ የሕግ ሰው፣ ቀጥሎ የፖለቲካ ሰው፣ ቀጥሎ የማኅበረሰብ ጥናት ሰው፤ ከዚያ ዞሮ ሕግ። እንግዳው ሃምሳ ደቂቃ ይናገራል፣ ሰው ሃያ ደቂቃ ይጠይቃል፣ ሥራ አስኪያጁ አሥር ደቂቃ ያመሰግናል፤ ከዚያ ሁሉም አገር የማዳን ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የምታሰናዳው አንዲት ሴት ናት። እንግዳ ትጋብዛለች፣ ወንበር ታስደረድራለች፣ ድምፅ ማጉያ ትሞክራለች፣ ሲያልቅ ደግሞ ትልቁን መዝገብ ገልጣ ከእንግዳው ስም ትይዩ «ተካሄደ» ብላ ትጽፋለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «አልተካሄደም» ብላ የጻፈችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንደኛው እንግዳ መንገድ ላይ እያለ ተሹሞ ተመለሰ፤ ሁለተኛው መንገድ ላይ እያለ ተሽሮ።

አዘጋጇ አንድ ጡረተኛ ዳኛ የጋበዘችው ግን ለአዳራሹ አስባ አልነበረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለእናቷ ብላ ነው።

የእናቷ ነገር እንዲህ ነው። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ጎረቤታቸው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ በግቢያቸው ጠርዝ ላይ ግንብ አቆሙ። ግንቡ የእናትየዋን የወጥ ቤት መስኮት ጥርቅም አድርጎ ደፈነው። መስኮቱን ከፍቶ እጁን የሰደደ ሰው የሚጨብጠው ብሎኬት ነው። በጠራራ ፀሐይ አምፖል እያበሩ ሽንኩርት መክተፍ ተጀመረ። እናትየዋ ከሰሱ። መዝገቡ በዚያን ጊዜ ስማቸው ገና እየገነነ ለነበረ ለእኚሁ ዳኛ ደረሳቸው፤ ዳኛውም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሰባ ሦስት ጊዜ ቀጠሩት። አንዴ ካርታ ጎደለ፣ አንዴ የካርታው ማኅተም ደበዘዘ፣ አንዴ ተከሳሽ ጉንፋን ያዛቸው፣ አንዴ መብራት ጠፋ። አንድ ቀን፣ በስንት ጊዜው፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ሲገኝ ዳኛው መነጽራቸውን ረሱ። ከዚያ ጡረታ ወጡ። መዝገቡም «ዳኛ ሲመደብ ይቀርባል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ወጣ። ይኸው አራት ዓመቱ፣ እስካሁን አልወረደም።

ባለ ግንቡ ክፉ ሰው ናቸው እንዳይባል ክፉ አይደሉም። አዘጋጇ አንድ ቀን በራፍ ላይ አግኝታቸው «አባባ፣ ለምን አፍርሰውት አንገላገልም?» ብትላቸው፣ «ልጄ፣ ዛሬ በራሴ ባፈርሰው እኮ ጥፋተኛ ነኝ ማለቴ ነው። ይፈረድብኝና ነገ በጠዋት በገዛ እጄ እንዳልነበር አደርገዋለሁ» አሏት። ይህንኑ ለእናቷ ብትነግራቸው ደግሞ «ለምኜ የማገኘው ብርሃን ይቅርብኝ! ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይነገረኝ» ብለው ጮኹባት። ሁለቱ እልኸኞች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት የተመላለሱት በአንድ ታክሲ ነው። ዝናብ ከጣለ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው፣ እየተገላመጡ፣ እየተነጫነጩ ይሄዱ ነበር።

ዳኛው በጡረታቸው ጊዜ ይበልጥ ታወቁ። መጽሐፍ ጻፉ፣ ሬዲዮ ላይ ቀረቡ፣ ስለ ፍትሕ አንድ ነገር ሲነሳ የሚጠየቁት እሳቸው ሆኑ። የሚናገሩበት ርዕስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ፍትሕና ጊዜ»። አዘጋጇ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ደሟ ፈላ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ የግብዣ ደብዳቤ ጻፈች። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ለጥያቄ በተመደበው ሃያ ደቂቃ ውስጥ እጇን አውጥታ «ያንን መስኮት ወስነውት ቢሆን ኖሮ ምን ብለው ይወስኑ ነበር?» ልትላቸው ነው። እናቷ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷቸዋል። «ሳልሰማው እንዳልሞት እንጂ ሌላው ይቅርብኝ» ይላሉ፣ ሽንኩርቱን እየከተፉ።

ቀኑ ደረሰ። እናትየዋ የመዝገቡን ግልባጭ በፌስታል ይዘው ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ እንግዳውን አሞካሽቶ አሞካሽቶ ሲደክመው ወረደ። ዳኛው ወጡ፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ በብብታቸው በክር የታሰረ አቃፊ የያዙ ሰው። እንደ ሌላው እንግዳ አልቆሙም፤ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። አዳራሹን ከጥግ እስከ ጥግ አዩት። ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

«የተጠሩት ቀርበዋል?» አሉ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ቀርበናል» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ እንደቀረ እንዳይቆጠርበት ብሎ።

ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። ክሩን ፈቱ፣ አንድ ገጽ ገለጡ፣ መልሰው ዘጉ። «ንግግሩ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገው ሆኖ ስላገኘነው፣ ለሁለት ሳምንት ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ቀጥረናል» አሉና ብድግ አሉ።

የሚገርመው ይህ አይደለም። የሚገርመው አዳራሹ በሙሉ አብሯቸው ብድግ ማለቱ ነው። ማንም ተነሱ አላለም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ የአሥር ደቂቃ ምስጋናውን በእጁ እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አዘጋጇ ከመድረኩ ጀርባ ሮጣ ደረሰችባቸው። «ክቡር ዳኛ፣ ንግግሩስ?»

«ተቀጥሯል እኮ፣ ልጄ።»

«ለምን?»

«አልተሟላም።»

«ምኑ ነው ያልተሟላው?»

«እሱን ለማየት ነው የተቀጠረው» አሉና ኮታቸውን ለብሰው ሄዱ።

ስትመለስ እናቷ ከፌስታሉ ውስጥ አንድ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ። ደብተሩ የቀጠሮ ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ቀጠሮ ከነምክንያቱ የሰፈረበት። «ሰባ አራተኛ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ምክንያት፦ ተጨማሪ ምርመራ። ይኼኛው አዲስ ነው።»

አዘጋጇ ማታውኑ መዝገቧን ገለጠች። «ተካሄደ» እንዳትል አልተካሄደም፤ «አልተካሄደም» እንዳትል ሰውየው መጥተው ተቀምጠው ሄደዋል። በእርሳስ «ተቀጥሯል» ብላ ጻፈችና አፈረች።

በሁለተኛው ማክሰኞ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የተቀጠረ ነገር ከባድ ነገር መሆን አለበት ብሎ ያልመጣ የለም። ባለ ግንቡም ክራቫት አስረው መጡ። አዘጋጇ «አባባ፣ እርስዎን ማን ጠራዎት?» ብትላቸው፣ «እኚህ ዳኛ ቀጠሩ ሲባል በሬዲዮ ሰማሁ። ብቀርና በሌለሁበት ቢወሰንብኝስ?» ብለው ከእናትየዋ አጠገብ ተቀመጡ። እናትየዋ ትንሽ ገላመጧቸውና ፌስታሉን አነሱላቸው።

ችግሩ ያ ማክሰኞ ተራው የፖለቲካ መሆኑ ነበር። የተጋበዙት የቀድሞ ሚኒስትር ተራቸውን እንደተነጠቁ ሲያውቁ ተቆጥተው መጡ፤ ግን ፖለቲከኛ ናቸውና አዳራሹ የማንን ሥርዓት እንደተከተለ አንድ ጊዜ አይተው ገባቸው። ኮሪደር ላይ ቁጭ ብለው ማመልከቻ ጻፉ። «የቀረበው ንግግር የእኔንም ንግግር የሚነካ ስለሆነ ጣልቃ ገብ ሆኜ እንድናገር ይፈቀድልኝ።» የማኅበረሰብ ጥናት ፕሮፌሰሯም፣ የእሷ ማክሰኞ ከመበላቱ በፊት፣ ባለሙያ ምስክር ሆና እንድትሰማ አመለከተች። ስለ ማኅበራዊ ትዕግሥት ነበር የምትናገረው።

ዳኛው ሁለቱንም ማመልከቻ አነበቡ። ፊታቸው ወገግ አለ። «ፕሮፌሰሯ ምስክርነቷን በጽሑፍ ታቅርብ። የክቡር ሚኒስትር አቤቱታ ለሌላኛው ወገን ይድረስና መልስ ይሰጥበት።»

«ሌላኛው ወገን ማን ነው?» አሉ ሚኒስትሩ።

ዳኛው በእስክሪብቷቸው አዳራሹን ዙሪያውን አመለከቱ። «አድማጭ።»

ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው ይስቃል። እዚህ ግን ሦስት መልስ አርቃቂዎች በእጅ ብልጫ ተመረጡ፤ ሁለቱ ወዲያው ተጣልተው አንዱ ራሱን አገለለ። ንግግሩ ለማክሰኞ ተቀጠረ። አዳራሹ ብድግ አለ።

«ሰባ አምስተኛ» አሉ እናትየዋ።

«ስድስተኛ አይደለም እንዴ?» አሉ ባለ ግንቡ።

«ድሮም ቆጠራ አይሆንልዎትም፤ ሲለኩም እንዲሁ ነው የሳቱት» ብለው ደብተሩን ዘጉባቸው።

ሥራ አስኪያጁ በማግስቱ መሬት አልበቃው አለ። «ይኼ ሰውዬ ሺህ ዓመት ይኑርልኝ!» አላት አዘጋጇን። «ጋዜጣ ላይ ወጣን እኮ! አደራሽን እንዳትነዘንዣቸው። እንዳይጨርሱ ብቻ!»

አዘጋጇ ይህን ሰምታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ውጭ ፀሐይ ወጥቷል፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ አምፖል በርቷል። እናቷ ጎንበስ ብለው ይከትፋሉ። ምን እንዳሰበች ገብቷቸው፣ «ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አሏት። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ ተናደው አይታለች፣ አልቅሰው አይታለች፣ ግንቡን በሙቀጫ ዘነዘና ሲደበድቡ አይታለች። ለምጄዋለሁ ሲሉ ግን ሰምታ አታውቅም። ውጭ ወጥታ ግንቡን ተደግፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ጠርጋ ገባችና «እማዬ፣ ያንን ደብተር ስጪኝ» አለች።

የዳኛውን በሽታ ታውቀዋለች። ለመቅጠር የሆነ ነገር መጉደል አለበት። እንግዲያው ምንም አይጎድልም። ሰባ አምስቱን ምክንያት አንድ በአንድ አነበበች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለእያንዳንዱ መድኃኒቱን ስትፈልግ ሰነበተች። መዝገብ ቤት ሄዳ ሙሉ ግልባጭ አወጣች። ካርታው ላይ አዲስ ማኅተም አስመታች፤ ማኅተሙ እንዳይደበዝዝ ሦስት ቦታ። አዲስ ልኬት አስለካች። ሻማ፣ ክብሪት፣ የድምፅ ማጉያ ባትሪ፣ ሁለት እስክሪብቶ ገዛች። ለባለ ግንቡ የጉንፋን መድኃኒት ሰጥታ እፊቷ አስዋጠቻቸው፤ «ደህና ነኝ እኮ!» ቢሉም አልሰማቻቸውም። በመጨረሻ መንገድ ዳር መነጽር ከሚሸጥ ሰውዬ ሦስት መነጽር ገዛች፤ ደካማ፣ መካከለኛ፣ ኃይለኛ። ሁሉንም አንድ ትልቅ ቦርሳ ውስጥ ከተተች።

በሦስተኛው ማክሰኞ ዳኛው እንደተቀመጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ሳይነሳ አዘጋጇ መድረኩ ላይ ወጣች። በእናቷ ክስ ዘመን ችሎት ደጃፍ ላይ የሰማችውን ድምፅ አስታውሳ ጮኸች። «ከሳሽ፣ የመስኮቱ ባለቤት! ተከሳሽ፣ የግንቡ ባለቤት!»

ሁለቱ አዛውንቶች ከፊተኛው ረድፍ ብድግ አሉ። «አቤት!» አሉ እኩል።

ዳኛው ትክ ብለው አዩዋቸው። ሁለቱ የሚጠለሉባትን ጃንጥላ አወቋት መሰለኝ፣ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ይኼ መዝገብ…»

«ሰባ አምስት ጊዜ የተቀጠረው ነው፣ ክቡር ዳኛ» አለች አዘጋጇ።

«ሥነ ሥርዓት!» ሚኒስትሩ እጃቸውን አወጡ። «ክቡርነታቸው ጡረታ ላይ ናቸው! የመፍረድ ሥልጣን የላቸውም!»

እናትየዋ ዞረው አዩዋቸው። «ሥልጣኑ በነበራቸው ጊዜ አልፈረዱም፣ ጌታዬ። እስቲ ደግሞ ሳይኖራቸው እንሞክራቸው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው እስኪበርድ ጠበቁና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ካርታው ካልተያያዘ…» ካርታው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። «ማኅተሙ…» ጣቷን ሦስቱም ላይ አሳረፈች። «ልኬቱ የቆየ ከሆነ…» አዲሱን አስቀመጠች። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ሻማውን አወጣች። ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረጉ፤ ባትሪውን አወጣች። ዳኛው ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ ሦስት መቶ ሰው እያየ መነጽራቸውን ከአፍንጫቸው ላይ አወለቁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና «መነጽሬን ረስቻለሁ» አሉ።

አዘጋጇ ሦስቱን መነጽር ደረደረች።

የመጀመሪያውን ሞከሩ፣ አልሆነም። ሁለተኛውን ሞከሩ። ሦስተኛውን ሲያደርጉት ዓይናቸው ሰፍቶ ጠረጴዛውን ሞላ፤ ከዚህ በኋላ አላይም ማለት አይቻልም። መዝገቡን አነበቡ። ቀና ብለው የመውጫውን በር ሲፈልጉ አየች። አሥራ ሦስት ዓመት ስትጠላቸው ኖራ፣ ሰውየው ፈሪ ይሆናሉ ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም ነበር።

«ብሳሳትስ?» አሉ በለሆሳስ። ማይክሮፎኑ ክፍት ስለነበር አዳራሹ በሙሉ ሰማ። የሳቀ አልነበረም።

«ይሳሳቱ እንጂ!» አሉ ባለ ግንቡ። «እኛስ ተሳስተን አይደል እዚህ የደረስነው!»

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ግንቡ የተሠራው ያላግባብ ነው። ከመስኮቱ ፊት ያለው ይፍረስ።»

ይኸው ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የተጠበቀው ነገር አንድ ትንፋሽ አልፈጀም። ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። ባለ ግንቡ ሸክም እንደወረደለት ሰው ትከሻቸውን አራገፉና የእናትየዋን እጅ ጨበጡ። «እንኳን ደስ ያለዎት። ነገ በጠዋት መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ።» አዘጋጇ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። በቃ፣ አለች በልቧ፣ ሰሙት።

እናትየዋ ግን አልተቀመጡም።

«ይግባኝ» አሉ።

ጭብጨባው ቀስ እያለ ቆመ። «እናቴ፣ እርስዎ እኮ ረትተዋል» አሉ ዳኛው። «የረታ ሰው ይግባኝ አይልም።»

«መርታቴን ሰምቻለሁ። ሲናገሩት ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም። ይቺን አንዲት ደቂቃ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ያዛት? ክስ ስከፍት ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ይኸው ሰማንያ ልሞላ ነው። መስኮቴን መለሱልኝ፤ ዕድሜዬንስ?»

ዳኛው አቃፊያቸውን ሳቡ። ሰው ልማድ ሆኖበት ከወንበሩ ብድግ ብድግ ማለት ጀመረ። ክሩን ፈቱ። አጠገባቸው የነበረችው አዘጋጇ ገጹን አየችው፤ ላዩ ላይ «ፍትሕና ጊዜ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ምንም የለም። አፋቸውን ከፈቱ፣ «ለማ…» ብለው ጀመሩ፣ አቆሙ።

«ፈርቼ ነው» አሉ። «ከወሰንኩ አንዳችሁ አልቅሳችሁ ትወጣላችሁ። ከቀጠርኩ ሁለታችሁም እኩል እየረገማችሁኝ ትሄዳላችሁ። እርግማኑ ቀለለኝ።»

እናትየዋ «ይህንን በመጀመሪያው ቀን ቢነግሩን ኖሮ» አሉ፣ «እኛው እንስማማ ነበር።» ከዚያ ተቀመጡ።

ያጨበጨበ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ምስጋናውን ይዞ ግማሽ ድረስ ተነሳ፣ መልሶ ተቀመጠ። አዘጋጇ መዝገቧን ገልጣ በእርሳስ የጻፈችውን አጠፋችና በእስክሪብቶ «ተካሄደ» ብላ ጻፈች።

ባለ ግንቡ ቃላቸውን አላጠፉም። በማግስቱ ገና በጠዋት ድው ድው ማለት ጀመሩ፤ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የመጨረሻው ብሎኬት ወደ እሳቸው ግቢ ወደቀ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መክተፊያው ላይ አረፈች። ጥቀርሻው፣ የቀለሙ ልጣጭ፣ የሸረሪቱ ድር፣ ሁሉም ታየ። ባለ ግንቡ ፊታቸው አቧራ ለብሶ በመስኮቱ ብቅ አሉና «እንዴት ነው፣ በቂ ነው?» አሉ።

እናትየዋ አንድ ሽንኩርት አንስተው ሊከትፉ ብርሃኑ ውስጥ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዘርግተውም ቀሩ። እጃቸውን አገላብጠው አዩት። ደም ሥሩን፣ ጠቃጠቆውን፣ የተሸበሸበውን ቆዳ።

«ልጄ» አሉ፣ «ይኼ እጅ መቼ ነው እንዲህ ያረጀው?»

አዘጋጇ ሄዳ አምፖሉን አጠፋች።